መልክ አይቶ ዕድሜ መጻፍ

ከአባሎቻችን የአንዷ አያት መታወቂያ ላይ የልደት ዓመታቸው 1942 ተብሎ ተጽፏል። እሳቸው ግን ጣሊያን ጎንደር ሲገባ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ነበር፤ ጣሊያን ሲወጣ ደግሞ ጥጃ ይጠብቁ ነበር። ጣሊያን የገባው በ1936 ነው፤ የወጣው በ1941 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በመታወቂያው ከሄድን አባባ የተወለዱት ጥጃ መጠበቁን ከተዉ በኋላ ነው ማለት ነው። በ1984 በሱዳን በኩል ሲመጡ የመዘገባቸው ሰው ፀጉራቸው አለመሸበቱን፣ ወገባቸው አለመጉበጡን አየ፤ ገመተ፤ ጻፈ። በዚያ ግምት ምክንያት ጡረታቸው ስምንት ዓመት ያህል ዘገየ። ስምንቱንም ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ቆመው ሠሩ። ይህን የምናነሳው እንግዳ ታሪክ ስለሆነ አይደለም። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በቤታቸው ተመሳሳይ መታወቂያ አለ።

የልጅ ልጃቸው ባለፈው ሴሚስተር ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ የሚያስተምር ኮርስ ወስዳ ነበር። አንድ ቀን ሰንበት ከወጣ በኋላ ለፈተና ስታጠና አባባ ከጎኗ ተቀምጠው ስክሪኑን ያያሉ። የራስ ቅሎች ከግራ ወደ ቀኝ ተደርድረዋል፤ ከትንሹ ወደ ትልቁ፣ አፉ ወደፊት ከሾለው አገጭ ወዳለው። "ይኸ ምንድን ነው ልጄ?" አሏት። ነገረቻቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና "ዕድሜውን አጥንቱ ነው የነገራቸው፣ ወይስ እንደኔ መልኩን አይተው ነው የጻፉት?" አሉ።

በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ስትነግረን መጀመሪያ ሳቅን። ከዚያ ልንመልስ ሞከርንና አቃተን። ከመካከላችን ሦስታችን ያንን ኮርስ አልፈናል፤ አንዷ ባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ላይ ናት። ስሞቹን በቃላችን እናውቃለን። ለአባባ የምንሰጠው ቀጥ ያለ መልስ ግን አልነበረንም። ስለዚህ ተቀምጠን አነበብን፣ ተከራከርን፣ ይህን ጻፍን። አቋማችንን ከፊት እንናገር፦ የአባባ ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። በመልክ ብቻ የተደረደረ አጥንት የዘመን ቅደም ተከተል አይደለም፤ እንደዚያ አስመስሎ የሚያሳይ ሥዕል ክፍል ውስጥም ሆነ ግድግዳ ላይ ስናይ ዝም ማለት የለብንም። ይህን የምንለው ሳይንሱን ንቀን አይደለም። ሳይንሱ ራሱ በዚህ ስሕተት ወድቆ ተነሥቷል፤ የወደቀውም እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው።

ከሃይፋ በስተደቡብ፣ በቀርሜሎስ ተራራ፣ ናሐል መዓሮት በሚባለው ሸለቆ ታቡንና ስኹል የተባሉ ዋሻዎች አሉ። ከ1929 እስከ 1934 ዶሮቲ ጋሮድ በመሩት ቁፋሮ ከዋሻዎቹ አጽሞች ወጡ። በናዝሬት አጠገብ ካለው ከቃፍዜህ ዋሻም በ1930ዎቹ፣ ኋላም ከ1965 ጀምሮ በርናር ቫንደርሜርሽ በመሩት ቁፋሮ ብዙ አጽሞች ተገኙ። በቀርሜሎስ ደቡባዊ ጫፍ ካለው ከከባራ ዋሻ ደግሞ በ1983 የራስ ቅል የሌለው፣ መንጋጋውና ደረቱ ግን በደንብ የተጠበቀ የአንድ ወንድ አጽም ወጣ። ቆፋሪዎቹ ሞሼ ብለው ጠሩት።

የታቡኗ ሴትና የከባራው ሞሼ ኒያንደርታል ከሚባሉት ሰዎች ወገን ናቸው። የኒያንደርታል የራስ ቅል ረጅምና ዝቅ ያለ ነው፤ የቅንድቡ አጥንት እንደ ድርቆሽ ክምር ተቆልሎ ይታያል፤ ፊቱ ወደፊት የወጣ ነው፤ አገጭ የለውም ማለት ይቻላል፤ የእጅና የእግር አጥንቱ ወፍራም ነው። የስኹልና የቃፍዜህ ሰዎች ግን ግንባራቸው ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ የራስ ቅላቸው ከፍ ያለና ክብ ነው፤ አገጭ አላቸው። አውቶቡስ ላይ አጠገባችን ቢቀመጡ ዞር ብለን የምናያቸው አይመስለንም።

እንግዲህ "እነዚህን በቅደም ተከተል አስቀምጡ" ብንባል ሁላችንም የምናደርገው አንድ ነው። ኒያንደርታሉን ከኋላ፣ የቃፍዜህን ሰው ቀጥሎ፣ እኛን ከፊት። ብዙ ሊቃውንትም ያደረጉት ይህንኑ ነው። የቃፍዜህ ሰዎች እኛን ስለሚመስሉ ለእኛ ዘመን ቅርብ ናቸው ተባለ፤ ወደ 40,000 ዓመት ገደማ ተሰጣቸው። የመልክ ቅርበት የዘመን ቅርበት ተደርጎ ተቆጠረ። የአባባን ዕድሜ የጻፈው ሰው ያደረገውም ከዚህ የተለየ አልነበረም።

መጀመሪያ የተቃወሙት አይጦች ነበሩ ብንል ማጋነን አይሆንም። የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ተመራማሪ ኤይታን ቸርኖቭ በቃፍዜህ አፈር ውስጥ የተገኙትን የአይጥ ጥርሶች መረመረ። ከመካከላቸው ዘመዶቻቸው ዛሬ በአፍሪካ የሚኖሩ ነበሩ፤ በኋለኞቹ ንብርብሮች ግን አይገኙም። ስለዚህ የቃፍዜህ አፈር ከሚባለው በላይ አሮጌ ነው ብሎ ተከራከረ። ጥቂቶች ተቀበሉት፤ ብዙዎች ጥርጣሬያቸውን አልለቀቁም። (ከአፍሪካ በእግራቸው የመጡት ሰዎች ብቻ እንዳልነበሩም ከዚህ ተማርን።)

ከዚያ ባልጩቱ መጣ። የዋሻው ሰዎች እሳት ሲያነዱ ምድጃው ውስጥ የወደቀ ባልጩት ይቃጠላል። ድንጋይ በአፈር ውስጥ ሲቀመጥ ከዙሪያው ካለው አፈርና ከራሱ የሚወጣው ደካማ ጨረር በውስጡ ጉልበት ያጠራቅማል፤ ሲቃጠል የተጠራቀመው ሁሉ ይለቀቅና ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። በቤተ ሙከራ እንደገና ሲሞቅ የተጠራቀመውን በብርሃን መልክ ይሰጣል፤ ብርሃኑ ይለካል፤ ከመጨረሻው እሳት ወዲህ ስንት ዓመት እንዳለፈ ይሰላል። ዘዴው ተርሞሉሚኒሰንስ ይባላል። ልብ በሉ፤ ይህ ባልጩት አጠገቡ የተቀበረው ሰው አገጭ ይኑረው አይኑረው አያውቅም። ዋናው ነገር ይህ ነው።

ኤሌን ቫላዳስና ባልደረቦቿ በ1987 የከባራውን ሞሼ ንብርብር ወደ 60,000 ዓመት አደረጉት። በ1988 ደግሞ የቃፍዜህን ውጤት አወጡ፤ ወደ 92,000 ዓመት። እኛን የሚመስሉት ሰዎች ሞሼን በሠላሳ ሺህ ዓመት ገደማ ቀደሙት። አያት ተብሎ የተቀመጠው ከልጅ ልጁ በኋላ ተወልዶ ተገኘ። የስኹል ሰዎችም በተከታዮቹ ዓመታት በተሠሩ ልኬቶች ወደ 100,000 ዓመትና ከዚያም በላይ ተመለሱ። የታቡኗ ሴት ዕድሜ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ከቃፍዜህ ሰዎች ጋር አብራ የኖረች ልትሆን ትችላለች። ተርታው ፈረሰ። በአንድ ምድር ሁለት ዓይነት ሰዎች ሲመጡና ሲሄዱ፣ አንዳንዴም ሲገናኙ፣ እንደነበር ታየ።

ታዲያ የአካል መመሳሰል ምን ይጠቅማል? ለአባባ ስንነግራቸው እሳቸውም ይህን ጠየቁ። በጣም ይጠቅማል፤ የሚመልሰው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። "መቼ?" ለሚለው ሳይሆን "የማን ዘመድ?" ለሚለው ነው። ይህን ደግሞ ለእኛ ማንም ሊያስተምረን አይገባም ነበር። በቤተ እስራኤል ለጋብቻ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል። ሽማግሌዎች ሲቆጥሩ የልጁን አፍንጫ አይተው "ይህ የእገሌ ወገን ነው" ሊሉ ይችላሉ፤ ፍንጩ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ነገር ግን አፍንጫ አይቶ "ይህ ከዚያ በፊት ተወለደ" የሚል ሽማግሌ አልገጠመንም። ልጅ ከአባቱ ይልቅ ቁርጥ አክስቱን ሊመስል ይችላል። የባሕር ማዶ የአጎት ልጅ ከታላቅ ወንድም ይልቅ ቅድመ አያትን ሊመስል ይችላል።

የአጥንት ተመራማሪዎችም ጥሩዎቹ የሚሠሩት እንደዚህ ነው። ማንኛውንም መመሳሰል አይቆጥሩም። አምስት ጣት መኖሩ ስለ ዝምድና ብዙ አይነግርም፤ እንሽላሊትም አምስት ጣት አላት። የሚፈለገው በአንድ ቤተሰብ ብቻ አዲስ ሆኖ የታየ ምልክት ነው፤ ለምሳሌ በሁለት እግር ለመሄድ ያጠረና የሰፋ የዳሌ አጥንት። እንዲህ ያሉ ምልክቶች ሲደራረቡ የሚወጣው ተርታ ሳይሆን ቅርንጫፍ ነው።

ወላጆቻችን ከመጡበት አገር ሁለት ምሳሌ እንጨምር። ሉሲ ወይም ድንቅነሽ በኅዳር 1974 በአፋር ሃዳር ስትገኝ ከአካሏ አርባ በመቶ ያህሉ ተገኝቷል፤ ዕድሜዋ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። የእግሯ ዓይነት፣ ከወገኖቿ አጥንት እንደሚታወቀው፣ ለመሄድ የተሠራ ነው። ከእሷ በፊት፣ ከ4.4 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ በአራሚስ የኖረችው አርዲ ግን የእግሯ አውራ ጣት ወደ ጎን የሚከፈትና ቅርንጫፍ የሚጨብጥ ነበር። እስከዚህ ድረስ ተርታው ደስ ይላል፤ መጀመሪያ የሚጨብጥ፣ ቀጥሎ የሚሄድ። በ2012 ግን ዮሐንስ ኃይለሥላሴና ባልደረቦቹ ከሃዳር በስተሰሜን ከወራንሶ ሚሌ የተገኙ ስምንት የእግር አጥንቶችን ይፋ አደረጉ። አውራ ጣቱ የሚጨብጥ ነው። በመልክ ቢደረደር ከአርዲ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። አፈሩ ግን 3.4 ሚሊዮን ዓመት አለ። የሉሲ ወገኖች ቀጥ ብለው በሚሄዱበት ዘመንና አካባቢ ዛፍ የሚጨብጥ እግር ያለው ሌላ ነበር። በ2015 ከዚያው አካባቢ ለተገኙ መንጋጋዎች የሰጡት ስም ደስ ይለናል፤ ደይረመዳ። በአፋርኛ የቅርብ ዘመድ ማለት ነው። አባት አላሉትም፤ አያትም አላሉትም።

ሌላው በ2019 የታተመው የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅል ነው። ከሉሲ ወገን በፊት የነበረው አናመንሲስ የተባለው ወገን ቀስ በቀስ ሙሉ በሙሉ ወደ ሉሲ ወገን ተለወጠ ይባል ነበር፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። የራስ ቅሉ የአናመንሲስ ፊት ምን እንደሚመስል ሲያሳይ፣ 3.9 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው አንድ የቆየ የግንባር አጥንት ከሉሲ ወገን መሆኑ ተለየ። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች ቢያንስ 100,000 ዓመት አብረው ኖረዋል ብለው ተመራማሪዎቹ ጻፉ። መልክ እዚህ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ዘመዱን ለይቷል። ዘመኑን የነገረው ግን የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመድ ሲቀልጥ በውስጡ ያለው አርጎን የተባለ ጋዝ ይወጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ከፖታሲየም እየተፈጠረ እንደገና ይጠራቀማል። ከአጥንቱ በላይ ያለ አመድና ከበታች ያለ አመድ ዕድሜውን መሃል ያስገቡታል። ጣሊያን ሲገባ ታዝሎ፣ ጣሊያን ሲወጣ ጥጃ ጠባቂ፤ ያው ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር መሸሸግ የለብንም። አጥንት አመድን ያረመበት ጊዜም አለ። በ1972 ከቱርካና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ኬንያ ውስጥ፣ ትልቅ አንጎል የነበረው የራስ ቅል ተገኘ። በላዩ የነበረው አመድ በመጀመሪያው ልኬት 2.6 ሚሊዮን ዓመት ስለነበረ ቅሉ ከዚያ ይበልጣል ተባለ። የአሳማ ጥርስ ያጠና የነበረው ቤዚል ኩክና ሌሎች ግን አልተስማሙም። ከሐይቁ በስተሰሜን በኢትዮጵያ በኦሞ ሸለቆ፣ ዕድሜያቸው በታወቁ ንብርብሮች ውስጥ፣ የአሳማዎቹ የኋላ መንጋጋ ጥርስ ከዘመን ዘመን እየረዘመ ይሄዳል። የኬንያዎቹ አሳማዎች ከኦሞው የ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ንብርብር ጋር የሚሄዱ ነበሩ። ለዓመታት ተከራከሩ። አመዱ ደግሞ ደጋግሞ ሲለካ 1.9 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነ፤ አሳማዎቹ ረቱ። ግን አሳማዎቹም ቢሆኑ ምስክርነታቸውን ያገኙት ከኦሞ አፈር ነው፤ ማንም በግምት አልደረደራቸውም። በኦሪት ሕግ በአንድ ምስክር እንደማይፈረድ ቄሶቻችን ያስተማሩን እዚህም ይሠራል።

ይህ ሁሉ ለምን እኛን ይመለከተናል? ተርታው አጥንት ላይ ብቻ ስላልቆመ ነው። ጀርመናዊው ኤርንስት ሄክል በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ የራሶች ሥዕል አወጣ። ከላይ አውሮፓዊውን አስቀምጦ፣ በሕይወት ያሉ ሌሎች ሕዝቦችን እያወረደ፣ አፍሪካዊውንና የታዝማኒያውን ሰው ወደ ጎሪላው አስጠጋ። ቅሪተ አካል አልነበረም፤ ዘመንም አልተለካም። መልክ አይቶ ደረደረ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1965፣ ሩዶልፍ ዛሊንገር ለአንድ የታወቀ መጽሐፍ የሳለው የሰልፈኞች ሥዕል ዓለምን ሞላ፤ ከጎንባሳው ተነሥቶ ቀጥ ወዳለው የሚሄድ ሰልፍ። መጽሐፉ ራሱ ነገሩ ቀጥ ያለ መስመር እንዳልሆነ ይናገራል፤ ጽሑፉን ያነበበ ግን ጥቂት ነው። የሰልፉ ዘሮች ዛሬም በመማሪያ መጽሐፍና በቲሸርት ላይ አሉ። ብዙዎቹ ከኋላ ያለውን ጥቁር፣ ከፊት ያለውን ነጭ አድርገው ይቀባሉ። ከሃዳርም ሆነ ከቃፍዜህ አጥንት የቆዳ ቀለም አይነበብም። ቀለሙ የሠዓሊው ነው።

ከእኛ አንዱ ስምንተኛ ክፍል ሳለ እንዲህ ያለ ሥዕል ግድግዳ ላይ ነበር። ከክፍሉ ልጆች አንዱ ከሰልፉ ሁለተኛውን አሳይቶ ስሙን ጠራ። ሁሉም ሳቁ፤ መምህሩ ሰምተው ትምህርቱን ቀጠሉ። ያ ልጅ ዛሬ ኢንጂነሪንግ ያጠናል። ባዮሎጂን እንደገና አልነካም።

በሌላ በኩል የራሳችንንም ጉድለት እንናገር። ከመካከላችን "ሉሲ የእኛ ናት፣ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እኛ ነን" የሚሉ አሉ። ኩራቱ ይገባናል፤ ግን ያው መሰላል ተገልብጦ የቆመ ነው። ዛሬ በምድር ላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ ከጎንደርም ይምጣ ከዋርሶ፣ ከሉሲ ዘመን እኩል ይርቃል። ከኦሞ ኪቢሽ የወጣው፣ ዛሬ ከ230,000 ዓመት በላይ እንደሆነ የሚታሰበው እኛን የሚመስል የራስ ቅልም ለአንዳችን ከሌላው አይቀርብም።

ቤት ውስጥ ደግሞ "እነሱ እንደ ዶቃ ሲደረድሩት ነው" ብለው ነገሩን ሁሉ የሚተዉ ወላጆች አሉን። ከእምነት ተነሥቶ የሚናገር ሰው ጋር ክርክር አንገጥምም፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን "በግምት የተደረደረ ነው" ለሚለው መልስ አለን። ባልጩቱም፣ አመዱም፣ የአሳማው ጥርስም የተጠየቁት ለየብቻቸው ነው። ተርታውን ደግፈው ብቻ ቢመሰክሩ ኖሮ እንጠራጠር ነበር። በቃፍዜህ ግን አፈረሱት፤ ሊቃውንቱም የራሳቸውን ተርታ ጣሉ።

የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ከማኅበሩ አባላት ብዙዎቻችን ከሰዓት በኋላ ልጆችን በትምህርት እንረዳለን። ያ ሥዕል በደብተራቸው ሲመጣ አንለፈው፤ "የዚህን ዕድሜ ማን ነገራቸው?" ብለን አብረናቸው እንጠይቅ። ኮርሱን የምትወስዱም መምህሩን ጠይቁ፤ ጥሩ መምህር በጥያቄው ይደሰታል። የማኅበሩ የፀደይ ጉዞ ዘንድሮ ወደ ናሐል መዓሮት እንዲሆንም ሐሳብ አቅርበናል፤ ወላጆችና አያቶች አብረው እንዲመጡ፣ ማብራሪያውም በአማርኛ እንዲሆን። አውቶቡሱ ዋሻው ድረስ ስለማይደርስ ጥቂት መውጣት አለ፤ ዱላ ይዞ መምጣት ይቻላል።

የቃፍዜህን ነገር ለአባባ የነገረቻቸው የልጅ ልጃቸው ናት። እስከ መጨረሻው ሰሟት።

"ታዲያ አረሙት?" አሉ።

"አዎ አባባ፣ መጽሐፉ ሁሉ ተስተካክሏል።"

"ስንት ዓመት ፈጀባቸው?"

"ከተገኙ ሃምሳ ዓመት አልፎ ነው የታረመው።"

"እንግዲያው ትንሽ ልጠብቅ" አሉ፤ "የኔ ገና አርባው ነው ያለፈ።"